የጣሉት ሲወደድ

ቀረብ በሉማ። አሶሳ ላይ ክረምት ከገባ ዝናቡ ቶሎ አይለቅም፤ ቡናውም ሦስተኛው ሳይደርስ አይነሣም፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ወሬ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የጌም ወሬ ነው። አዎ፣ የልጆች ጌም። ትልልቆቹ “ይሄ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው” ብላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩ። ወሬው ውስጥ ጨረታ አለ፣ ቆሻሻ መጣያ አለ፣ የእኛው የሸክላ ዘፈንም አለ።

ከመሳቢያው እንጀምር።

በ1979 ዓ.ም. የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም ለስጦታ ገዛ። ገዛና ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከተተውና ረሳው። የታሸገበት ላስቲክ ሳይቀደድ ዓመት አለፈ፤ እኛ ዘንድ ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ ገባ፣ እሱም በጊዜው ፈረሰ፤ ጌሙ ግን እዚያው መሳቢያው ውስጥ ነው። ወደ 35 ዓመት ሲጠጋው አንድ ቀን መሳቢያው ተከፈተ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ዳላስ ከተማ ያለው ሄሪቴጅ ኦክሽንስ የተባለው ጨረታ ቤት ለገበያ አቀረበውና 660,000 ዶላር ተሸጠ።

ጉድ ያላችሁት በዚህ ከሆነ ገና ናችሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 2 ቀን ዜልዳ የሚባለው ጌም 870,000 ዶላር አወጣ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሐምሌ 4 ቀን ሱፐር ማሪዮ 64 ቀረበ። ይሄኛው ሽማግሌ እንኳ አይደለም፤ ገና የ25 ዓመት ጎረምሳ ነው። መዶሻው ሲያርፍ 1,560,000 ዶላር ሆነ። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ስናሰላው ከ65 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። ሐምሌ ሳይወጣ ደግሞ ሌላ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2 ሚሊዮን ዶላር ገባ። እነዚህ የሐምሌዎቹ ሦስቱ በአንድ ወር ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ይህን የሰማ የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። “እኛ ቤት የነበረውስ የት ገባ?” ይላል። እውነቱን ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያደገ የከተማ ልጅ ያንን ጌም ያውቀዋል። ራሱ ቤት ባይኖር የጎረቤት ልጅ ጋ ነበር። ያቺን ሳጥን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተን፣ ወለል ላይ ተደርድረን፣ “አንድ ሕይወት ስጠኝ” እየተባባልን ኮንትራና ማሪዮ የተጫወትን ስንት ነን። ዳክዬ የምትተኮስበት ብርቱካናማ ሽጉጥም ነበረች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍንጫዋን አስጠግቶ የማይተኩስ ልጅ አልነበረም።

ካሴቱን ታስታውሳላችሁ? እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ገልብጣችሁ ከሥሩ ስታዩት ቀጭን ሰሌዳ ብቅ ብሏል፤ ሰሌዳው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ወርቅ የተቀቡ ነጠብጣቦች አሉ። ማጫወቻው ጨዋታውን የሚያነበው በእነሱ በኩል ነው። አቧራ ሲገባባቸው ቴሌቪዥኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ መድኃኒቱ አንድ ነው። ካሴቱን ነቅለን እፍ! እንደገና እፍ! መልሰን ስንሰካው ይሠራል። ማንም አላስተማረንም፤ የጃፓን ልጅም፣ የብራዚል ልጅም፣ የአሶሳ ልጅም ያንኑ ያደርግ ነበር። ኒንቴንዶ ራሱ ግን እፍ አትበሉ ይል ነበር፤ የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ያበላሸዋላ። ካሴቱ የሚሠራልን ነቅለን ስንመልሰው ጥርሶቹ ደህና ስለሚገጥሙ ነው፤ ምስጋናውን ግን ትንፋሻችን ወሰደ።

አሁን “ያ ካሴት ስንት ያወጣል?” ትሉኛላችሁ። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ እዚህ ግባ የሚባል አያወጣም። መጀመሪያ ነገር እኛ ዘንድ የመጣው አብዛኛው ዋናው አልነበረም፤ አስመስለው የሠሩት ነው። ላዩ ላይ 9999 ጌም ተብሎ ይጻፍበታል፤ ገብታችሁ ስታዩት ጥቂት ጌም ስሙን እየለዋወጠ ይደጋገማል። ሁለተኛ፣ ዋናውም ቢሆን ካሴቱ ብቻውን ብርቅ አይደለም። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከ40 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ጌም ነው። ብርቁ ካርቶኑ ነው። ልጅ ጌም ሲገዛለት ካርቶኑን ቀዶ ይጥላል፤ ወረቀቱን አያነበውም፤ ላስቲኩማ በሩ ላይ ይቀራል። ሁሉም ልጅ የሚጥለውን ነገር አንድ ሰው ረስቶ ሳይጥለው ሲቀር እሱ ነው ሚሊዮን የሚያወጣው። ጨረታው ላይ የተሸጠው ጨዋታው ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ላስቲኩ ነው።

ይህ ነገር በደንብ እንዲገባችሁ ወደ አንድ የቆሻሻ ጉድጓድ ልውሰዳችሁ።

ስቲቨን ስፒልበርግ ኢ.ቲ. የተባለውን ፊልም ሠርቶ ዓለም ሲያብድ፣ አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ ፊልሙን ጌም ላድርገው ብሎ ፈቃድ ገዛ። ለገና መድረስ አለበት ተባለ። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባለ ባለሙያ አምስት ሳምንት ተሰጠው። አምስት ሳምንት! በ1975 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጌሙ ወጣ። ልጆቹ ገዙት፤ ገጸ ባሕሪው ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ አላስወጣ ብሎ አማረራቸው። ያልተሸጠው መጋዘን ሞላ፤ የተሸጠውም ተመለሰ። አታሪ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ከቴክሳስ መጋዘኑ በከባድ መኪና እያስጫነ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ የምትባል ከተማ ወስዶ ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ውስጥ አስደፋው። በላዩ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። ኢ.ቲ. ብቻም አልነበረም፤ ሌሎችም ጌሞች ተቀላቅለው ተቀበሩ።

ሰላሳ ዓመት ሙሉ “ተቀብሯል”፣ “የለም፣ ተረት ነው” ሲባል ኖረ። ሚያዝያ 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ቁፋሮ ተደረገ። ሰው በነፋስና በአቧራ መካከል ተሰልፎ ቆሞ ያያል። መቆፈሪያው ቆሻሻውን ሲያወጣ፣ የተጨማደደ ካርቶን፣ በውስጡም ካሴት ተገኘ። ከተቀበረው 700,000 ከሚያልፈው ውስጥ የወጣው 1,300 ገደማ ብቻ ነው። ከተማዋ ለሙዚየም የሚሰጠውን ሰጥታ የቀረውን በጨረታ ሸጠችው። ከ100,000 ዶላር በላይ አስገባላት። አንዱ የኢ.ቲ. ካሴት ለብቻው ከ1,500 ዶላር በላይ አወጣ። የተቀጠቀጠ፣ የሸተተ፣ ጥሩ ነው ተብሎ የማያውቅ ጌም! እንግዲህ የቤኒሻንጉል ሰው ወርቅ ከመሬት ሲታጠብ ሲያይ ነው የኖረው፤ ግን ወርቅ ሲቀበርም ወርቅ ነው። ቆሻሻ ሆኖ ተቀብሮ ወርቅ ሆኖ የወጣ ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ይህ ዋጋ ለምን እንዲህ ናረ? ሦስት ነገር ገጠመ።

አንደኛው ዕድሜ ነው። በዚያ ጌም ያደገው ልጅ አድጎ ደመወዝ በላ። ያኔ እናቱ እምቢ ያለችውን ዛሬ ራሱ ይገዛል። ሁለተኛው ኮሮና ነው። በ2012 ዓ.ም. ዓለም በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ሰው አሮጌ ዕቃውን አገላበጠ፤ የልጅነቱ ነገር አማረው፤ እጁ ላይም የማያወጣው ገንዘብ ነበር። ሦስተኛው ማኅተሙ ነው። ዋታ የሚባል ድርጅት ተነሣና ጌሙን ተቀብሎ፣ መርምሮ፣ ከ10 ነጥብ ሰጥቶ፣ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ መመለስ ጀመረ። ያ 1,560,000 ዶላር ያወጣው 9.8 የተሰጠው ነው። ነጥብ ከተሰጠው በኋላ ጌሙ ጌምነቱ ቀረ። ከፍቶ የሚጫወትበት ሰው አብዷል ይባላል። እንደ ቦንድ ተገዝቶ ይቀመጣል፣ እንደ ቦንድ ይሸጣል። ነጋዴው ሰብሳቢውን ገፍቶ ገባ። ከዚያ በኋላ “ዋጋውን ጥቂት ሰዎች ተባብረው ነው ያናሩት” የሚል ክርክር ተነሣ፤ የታሸጉት ጌሞች ዋጋም ከዚያ ጣሪያው ወረደ። ተራው ሰብሳቢ ግን፣ ገዝቶ የሚጫወተው ማለቴ ነው፣ ከኮሮና በፊት የነበረውን ዋጋ ተመልሶ አላገኘውም።

ይህ የእነሱ አገር ጉዳይ ነው። አሁን ወደ አሶሳ ኑ።

እዚህም እንደ ሌላው ከተማችን ጌም ቤት አለ። ቆርቆሮ የተመታ ክፍል፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን። የሚገባው ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ተማሪ፣ ሥራ የፈታ ጎረምሳ፣ አንዳንዴም ባጃጁን ደጅ አቁሞ አንድ ግጥሚያ የሚጫወት ሹፌር ነው። ጨዋታው ኳስ ነው፤ ሌላ ጌም ቢኖርም ማንም አይጠይቀውም። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ቁጭ ይላል። መብራት ሲሄድ ክፍሉ ሁሉ በአንድ አፍ “ኧረ!” ይላል፤ እየተመራ የነበረው ብቻ ይስቃል።

በብዙ ጌም ቤት አሁንም የማይሞት አንድ ዕቃ አለ፤ ፕሌይስቴሽን 2። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ወጣ። በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ የሳሎን ጌም ማጫወቻ ከሆኑት ውስጥ እስከ ዛሬ የእሱን ያህል የተሸጠ የለም። መመረቱ ካቆመ አሥር ዓመት አልፎታል። አሜሪካ ቢሆን ይሄኔ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣ ነበር። እኛ ጋ ቤተሰብ ያስተዳድራል።

ሲሞት አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ሲዲ ማንበብ ያቅተዋል። ውስጡ ገብቶ “ክርር… ክርር…” ይላል፤ ከዚያ ጥቁር ስክሪን። ጠጋኙ ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሣ እንደ ምስር ፍሬ የምታህል መስታወት አለች፤ ሌንሷ። የአሶሳ በጋ አቧራ ተጋግሮባታል። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ይጠርጋታል። ያ ካልሆነ በትንሿ ብሎን ጨረሯን ከፍ ያደርግላታል፤ ጥቂት ወር ትሠራለች፤ ከዚያ ጭራሽ ትሞታለች። የሌንስ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ይደወላል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ሜሞሪ ካርዱ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የዛሬ ስልክ ከሚያነሣው ፎቶ ከጥቂት በላይ አይችልም። እዚያ ላይ አንዲት ፕሮግራም ይጭንና ማሽኑን ከሲዲ አላቆ ከፍላሽ ያስነሣዋል። የዩኤስቢ ቀዳዳው የጥንት ስለሆነ ፍጥነት የለውም፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ያለው ፊልም እየተንተባተበ ነው የሚያልፈው። ልጆቹ አይሰሙትም። ኳሱ ሲጀመር እንደ ልቡ ይሮጣል። በሌላው ዓለም ሰብሳቢዎች በመጽሔትና በቪዲዮ እየተማሩ የሚያደርጉትን ጥገና እዚህ እንጀራ ፈላጊ ይሠራዋል።

ዋጋውስ? እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር ከእነሱ የሚለየው። እነሱ ጋ አሮጌ ጌም የሚወደደው ፈላጊ ሲበዛ ነው። እኛ ጋ ፈላጊ ባይጨምርም ይወደዳል። አንድ 50 ዶላር የሚያወጣ አሮጌ ጌም አስቡ። እዚያው አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋጋው አልጨመረም እንበል፤ 50 ገብቶ 50 ነው። አሁን ብሩን ቁጠሩ። ደርግ በወደቀ ማግሥት አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ጌሙ 103 ብር ከ50። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላር 5 ብር ሆነ፤ ያው ጌም 250 ብር። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ ዶላር ወደ 27 ተጠጋ፤ ጌሙ 1,350 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ፤ ጌሙ ከ5,000 ብር በላይ። ያው ጌም ነው። ላስቲክ የለውም፣ ነጥብ የለውም፣ ማንም አልተጫረተበትም።

በዚህ ላይ ቀረጡን፣ በዚህ ላይ የነጋዴውን ትርፍ፣ በዚህ ላይ መንገዱን ጨምሩ። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጸጥታው ችግር መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረባቸውን ዓመታት እናንተው ታውቃላችሁ፤ ዘይትና ስኳር ያልደረሰበት ጊዜ የጌም ሌንስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የአሶሳ ጠጋኝ አይጥልም። ከሦስት የሞተ ማሽን አንድ ሕያው ይወጣዋል። የአንዱ ሌንስ፣ የሌላው ማራገቢያ፣ የሦስተኛው ጆይስቲክ ላስቲክ። ክፍሉ ጥግ ላይ የተከመረውን አጽም ያየ “ይሄን ቆሻሻ ለምን አትጥለውም” ይለዋል። የጠጋኙ መልስ ዝም ነው።

አሁን “አሮጌ ነገር ሰብስቦ የከበረ የእኛ ሰው የለም ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። ታሪክ አለን፤ ያውም የሚያስቆጭ ታሪክ። እሱን ሳልነግራችሁ አልነሣም።

በጃንሆይ ዘመን ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቸኛ መብት ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ሙዚቃ ቤት ያለው፣ “የመጣው ይምጣ” ብሎ ተነሣ። ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ ቀረጸ፤ ቅጂውን ሕንድ አገር ልኮ አሳተመው። ሸክላው አዲስ አበባ ሲደርስ ሰው ተሻማበት። አምኃ ሬከርድስ ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ፊሊፕስ ገባበት፤ አሊ ታንጎ ካይፋ ብሎ ተከተለ። እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 500 ነጠላና 30 ገደማ ትልልቅ ሸክላ ታተመ። ያ ነው ጠቅላላው። በዚያው መሃል ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ክበቡ ጨለመ። አምኃ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላን ገደለው። ካሴት ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ በባትሪ ይሠራል። ሸክላ አልጋ ሥር ገባ፣ ጎተራ ላይ ወጣ፣ ልጅ አንከባለለው፣ ጸሐይ አጣመመው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን “ኧረ መላ መላ” ሰማና ልቡ ተነሣ። አዲስ አበባ መጣ፤ ሸክላ ፈለገ፣ ባለመብቶችን ፈለገ፣ አምኃን ከስደት ፈልጎ አገኘ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ሲዲ ፈረንሳይ አገር መታተም ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. ጂም ጃርሙሽ ብሮክን ፍላወርስ በተባለው ፊልሙ ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲጠቀም ዓለም ጆሮውን አቆመ። ከዚያ ሰብሳቢ ጎረፈ። እኛ አልጋ ሥር የጣልነውን ሸክላ እየገዛ ጫነ። ዛሬ ዋናው የ1960ዎቹ ኅትመት ከፈለጋችሁ የምትሸምቱት ከፓሪስ፣ ከለንደን ወይም ከቶኪዮ ነው፤ በዩሮ፣ በፓውንድ፣ በየን። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ “ቸ በለው” ዋናው ሸክላ በሺዎች ዶላር የሚጠየቅበት ሆኗል።

ይህንን ልብ በሉልኝ። ያ ሸክላ በሺህ ዶላር ሲሸጥ ኃይሉ መርጊያ ኪስ ውስጥ አምስት ሳንቲም አይገባም። ትርፉ ከሻጭ ወደ ሻጭ ነው። ያ ሱፐር ማሪዮ ሚሊዮን ሲሸጥም ፈጣሪው ሺጌሩ ሚያሞቶ አልተከፈለበትም። ባለሙያው የሚጠቀመው ሥራው እንደገና ሲታተም ነው። ኃይሉ ራሱ ምስክር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ከኋላ ጭኖ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ እየተለማመደ ብዙ ዓመት ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሲዘዋወር የኃይሉን አሮጌ ካሴት አገኘ። ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተስማምቶ፣ በ2005 ዓ.ም. እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ዓለምን ዞረ። ካሴቷ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ስትሸጥ ዋጋዋ ከአንድ ሻይ ብዙም አይበልጥ ይሆናል። ሥራ የሠራችው ተሰምታ ነው።

እዚሁ አጠገባችን ያለውንም ልጨምርላችሁ። በርታዎች ዋዛ የሚሉት አለ። ቅል በቅል ላይ እየተጋጠመ ረጅም መለከት የሚሆነው። ትልቁ ከሰው ቁመት ጋር ይፎካከራል። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ደርዘን ገደማ ሰው ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ፣ የራሱን አንድ ድምፅ ሲያቀብል ነው። ጎብኚ መጥቶ አንዱን ቢገዛና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው የያዘው ቅል ነው፤ ሙዚቃው አሶሳ ቀርቷል። ሰብሳቢ ሊወስደው የማይችለው ሀብት ማለት ይሄ ነው። ግን ደግሞ ነፊዎቹ ካለቁ ቅሉ ያኔ የሙዚየም ዕቃ ይሆናል፤ ያኔ ይወደዳል። የአንድ ነገር ዋጋ ድንገት ሰማይ ሲነካ አትደሰቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው ማለት ነው።

የጌሙም አደጋ እዚያ ላይ ነው። “ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ለምን እንሰበስባለን?” የሚል አይጠፋም። መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ኒንቴንዶ ሁለት የቆዩ ማሽኖቹ ጌም የሚገዙበትን የኢንተርኔት ሱቅ ዘጋ። እዚያ ብቻ ይሸጥ የነበረ ጌም ከዚያ ቀን በኋላ የሚገዛበት ቦታ የለም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የጌም ታሪክ የሚጠብቅ አንድ አሜሪካዊ ፋውንዴሽን ጥናት አውጥቶ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በእኛ ከ2002 ዓ.ም. ገደማ በፊት ከወጡት ጌሞች ከመቶው 87ቱ ዛሬ ሱቅ ገብቶ በሕጋዊ መንገድ አዲስ ተደርገው አይገዙም ይላል። ከመቶው ሰማንያ ሰባቱ! የሕግ አገር፣ የገንዘብ አገር፣ የሙዚየም አገር እንዲህ ከሆነ የእኛን አስቡት። ቀኔ ጌምስ የሚባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ ሠርቶልናል፤ የኢትዮጵያ ልጆች የሠሩት ጌም ነው። ስልኩ ሲቀየር፣ ሲስተሙ ሲታደስ፣ አሮጌው ቅጂ የሚቀመጥበት ቤት አለን ወይ? ከሃምሳ ዓመት በኋላ እሱንም እንደ ሸክላችን ከፓሪስ ልንገዛው ነው?

እንግዲህ ወሬዬን ልቋጭ። ለየራሳችሁ የሚሆን አንድ አንድ ቃል አለኝ።

ቤታችሁ አሮጌ ጌም ያላችሁ፣ በ2013ቱ ጨረታ ሰክራችሁ ሚሊዮን አትጠብቁ። የእናንተ ላስቲኩ ድሮ ተቀዷል። ግን አትጣሉት። ካሴቱን እፍ አትበሉት፤ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥርሱን ጥረጉት፣ ሲደርቅ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከአቧራና ከርጥበት አርቁት። ውስጣቸው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ያላቸው ካሴቶች አሉ፤ ጨዋታችሁ የት እንደደረሰ የምታስታውሰው እሷ ናት፤ ስታረጅ ፈስሳ ሰሌዳውን ትበላዋለች። ለጠጋኝ አሳዩት። የድሮውን ጀርባው ትልቅ ቴሌቪዥንም አታዋርዱት፤ የዳክዬ ሽጉጧ በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ አትሠራም።

ልሰብስብ የምትል ወጣት፣ ዶላር አታሳድድ። የታሸገ አትግዛ። የሚሠራ ግዛ፣ ተጫወትበት፣ ጓደኛህን ጥራ። ብር በየዓመቱ የሚረክስበት አገር ውስጥ ከውጭ ዋጋ ጋር የተሽቀዳደመ ሰብሳቢ ተሸናፊ ነው፤ የተሸነፈ ደግሞ ይከፍላል።

የመጨረሻው ቃል ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲና ለክልሉ ባህል ቢሮ ነው። የዋዛ ነፊዎችን ድምፅ በስማቸውና በውላቸው ቅረጹ፤ ከታተመ የሚገባቸውን እንዲያገኙ። ከዚያው ጎን አንድ ክፍል ስጡ፤ አንድ የድሮ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሚሠራ ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ባለ ካሴቱ ጌም፣ አንድ ሸክላ ማጫወቻ። ከጌም ቤቶቹ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ መርጣችሁ ደመወዝ ቁረጡለት፤ ተማሪ ያሠልጥን። ዛሬ ይህ ሁሉ ዕቃ የሚገኘው በርካሽ፣ አንዳንዱም በነጻ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በጨረታ ነው የምናገኘው፤ ያውም በዶላር።